ስምንት፣ ስድስት፣ ሁለት

ቤዝቦል ከጨዋታነቱ ይልቅ የሂሳብ ሥራነቱ ያመዝናል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛም ከነሱው ወገን ነን። ለነገሩ ወደ ጨዋታው የገባነው በእግራችን ሳይሆን በእርሳሳችን ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የተማሪ ሥራ ሰሌዳ ላይ፣ ለቤዝቦል ቡድኑ ውጤት የሚመዘግቡ ልጆች ይፈለጋሉ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየን። በዚያን ጊዜ ለሦስታችንም ቤዝቦል ማለት ፊልም ውስጥ ሰው ዱላ ይዞ የሚቆምበት ነገር ነበር። ሆኖም መጻፍ እንችላለን፤ መቀመጥም እንችላለን፤ የሚከፈለው ደሞ ካፌ ሳህን ከማጠብ አያንስም። ተመዘገብን። ይኸው አሁን ሦስተኛ የጨዋታ ዘመናችንን ይዘናል።

በዚህች መጽሔት ልናነሣ የፈለግነው ስለ ቤዝቦል በጠቅላላው አይደለም፤ አንባቢም አይፈቅድልንም። የምናወራው አሜሪካኖቹ «ዳብል ፕሌይ» ስለሚሉት፣ እኛ በመካከላችን «ድርብ አውት» ብለን ስለሰየምነው ነገር ነው። እሱም ቢሆን የዘወትሩን ሳይሆን፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሲመጣ መዝጋቢውን እርሳስ አስነክሶ የሚያስቀምጠውን ዓይነት ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማስረዳት ግድ ነው። በሜዳው የሚከላከሉት ዘጠኝ ናቸው። እያንዳንዱ በማልያው ጀርባ ካለው ቁጥር ሌላ፣ የቆመበት ቦታ የሚሰጠው ቁጥር አለው። ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልበው 2፣ የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ 3፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ ከኋላ በሰፊው ሣር ላይ የተበተኑት ሦስቱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9 ናቸው። መቺው መትቶ ይሮጣል፤ ቤዞቹን ዞሮ «ሆም» ወደሚሉት፣ ወደተነሣበት ቦታ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። አኩኩሉ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ነገሩ ሳይያዙ ቤት መድረስ ነው።

ኳሷ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው አውት ነው፤ ወጣ ማለት ነው። መሬት ከነካች ግን መቺው ወደ አንደኛው ቤዝ ስለሚሮጥ እዚያ ያለው ሯጭ ቦታውን መልቀቅ ግዴታው ይሆናል፤ ከሱም ፊት ያለው እንደዚሁ። እንዲህ የተገደደ ሯጭ፣ ኳሷ እሱ ወደሚሄድበት ቤዝ ከቀደመችው በቃ፣ ማንም ሳይነካው አውት ይሆናል። ያልተገደደ ሯጭ ግን ኳስ በያዘ እጅ መነካት አለበት። ይህችን ልዩነት አንባቢ በአንድ ጥግ ያስቀምጥልን፤ ኋላ እንፈልጋታለን። ሦስት አውት ሲሞላ ተራው ያልቃል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሰው ሲወጣ ድርብ አውት ይባላል።

የዘወትሩ ድርብ አውት 6-4-3 ነው። ሾርትስቶፑ ከመሬት ይለቅማል፤ ለሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ ያቀብላል፤ እሱም ቤዙን ረግጦ ወደ አንደኛው ይወረውራል። መቺው እስከ አንደኛው ቤዝ ያለችውን 90 ጫማ፣ 27 ሜትር ተኩል ያህል፣ ከአራት ሰከንድ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ይሮጣታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኳሷ በሦስት ሰው እጅ ታልፋለች። ደጋግመው ሲያዩት ውበት አለው። ግጥምም ተጽፎለታል። የኒውዮርኩ ጋዜጠኛ ፍራንክሊን ፒ. አዳምስ በ1910 ስለ ቺካጎ ካብስ ሦስት ተከላካዮች፣ ስለ ቲንከር፣ ስለ ኤቨርስና ስለ ቻንስ ስምንት መስመር ገጠመ። የሦስቱ ስም በግጥሙ የሚደረደረው ልክ በ6-4-3 ተራ ነው። ከኛ አንዱ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው፣ «እንግዲህ ቁጥርም ቤት ይመታል» ብሎ ለሳምንት ያህል አላስቀመጠንም።

ለመቺው ግን ይኸው ውበት መርዶ ነው። የቦስተኑ ጂም ራይስ በ1984 በአንድ የጨዋታ ዘመን 36 ጊዜ እንዲህ ያለውን ኳስ መሬት ለመሬት ሰዷል። አልበርት ፑሆልስ በ2022 ጨዋታ ሲያቆም የዕድሜ ልክ ቁጥሩ 426 ደርሶ ነበር። ታላቅ መቺ ስለሆነ ነው ይህን ያህል ዕድል የተሰጠው፤ ይህም በቁጥሩ ላይ አይጻፍም። የጆ ቶሬ ደሞ ይለያል። ሐምሌ 21 ቀን 1975 ለኒውዮርክ ሜትስ ሲጫወት በአንድ ቀን አራት ጊዜ ድርብ አውት መታ። ከፊቱ የሚመታው ፌሊክስ ሚያን አራቱንም ጊዜ በደንብ መትቶ አንደኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሚያን ባይሳካለት ኖሮ ቶሬ ባልተዋረደ። እንዲህ ዓይነት ጓደኛ በኛም ክፍል አለ፤ ስሙን ግን አንጽፍም።

ይህን ሁሉ በፊደልና በቁጥር አሳጥሮ የማስቀመጥ ልማድ በአብዛኛው የሚነገረው ለሄንሪ ቻድዊክ ነው። በ1824 እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ ብሩክሊን መጣ፤ ክሪኬት ሲዘግብ ቆይቶ ወደ ቤዝቦል ዞረ፤ በ1908 ሞተ። ሦስት ጊዜ ስቶ የወጣ መቺ ዛሬም በላቲኗ ኬ ፊደል የሚጻፈው በሱ ምክንያት ነው፤ «ስትራክ» ከሚለው ቃል የመጨረሻዋን ፊደል ወስዶ ነው። ጋዜጠኛ ስለነበር ቦታ አልነበረውም። የአንድ ቀን ሙሉ ጨዋታ በጣት በምትለካ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት ነበረበት። እኛ ዛሬ የምንሠራበት ደብተር ትናንሽ ካሬዎች፣ ኮምፒውተሩም ላይ የሚከፈቱት ሳጥኖች፣ የዚያ የጋዜጣ ጥበት ልጆች ናቸው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲጠፋ የሚሰጠን ቦታ ለሦስት ወይ ለአራት አኃዝ የምትበቃ ነች።

ሥራውን ያስተማሩን አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። ለአርባ ዓመት ያህል በየሜዳው ሲመዘግቡ ኖረዋል። የመጀመሪያው ቀን የሕጉን መጽሐፍ ከፍተው አንዲት አንቀጽ አስነበቡን። በግርድፉ እንዲህ የምትል ናት፦ ኳሷ ለመቺው ከተወረወረችበት አንሥቶ፣ ጨዋታው እስኪቆም ወይም ኳሷ ወርዋሪው እጅ ገብታ እሱም ለቀጣዩ ውርወራ በቦታው እስኪቆም ድረስ ባለው ጊዜ ሁለት ሰው ከወጣ፣ በሁለቱ መካከልም ስሕተት ወይም ብልሽት ካልገባ፣ ድርብ አውት ነው። ሽማግሌው መጽሐፉን ዘጉና «እዚህ ውስጥ ስለ መምታት የሚናገር ቃል አያችሁ?» አሉን። የለም። ሕጉ የሚያውቀው ጊዜንና ሁለት ሰውን ብቻ ነው።

ጉዱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። መቺው ሦስተኛውን ስቶ ሲወጣ፣ አንደኛው ቤዝ ላይ የነበረው ሊሰርቅ ሲሮጥ ቀላቢው ወርውሮ ሁለተኛው ላይ ያስይዘዋል፤ ኳሷ ዱላ ሳትነካ ድርብ አውት ተሠራ፤ ከኬዋ ጎን 2-6 ተብሎ ይጻፋል። ወይም መቺው እንደ ጥይት የመታትን ኳስ የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ፊቱን ሲከላከል በጓንቱ ትገባለታለች፤ ከቤዙ ርቆ የነበረው ሯጭ ሳይመለስ እግሩን ቤዙ ላይ ያሳርፋል። አንድ ሰው ብቻውን፣ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ፣ ሁለት ሰው አወጣ፤ 3 ብቻ። በእንዲህ ዓይነቱ የበለጠ የመታው ሰው የበለጠ ይቀጣል፤ ቀስ ብሎ ቢመታት ኖሮ ምናልባት መሬት ነክታ ያልፍለት ነበር። ወይም የቀኙ ሜዳ ተከላካይ ኳስ ሲቀልብ፣ ትወድቃለች ብሎ የሮጠው ሯጭ እስኪመለስ ወደ አንደኛው ይወረውርና 9-3 ይሆናል። እነዚህን ለምደናቸዋል። ሲመጡ ብዕራችን አይደነግጥም።

ያስቸገረን ባለፈው ሚያዝያ የመጣው ነው።

አንድ አውት አለ። አንደኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ። የሚመታው የኛው ቡድን ልጅ ነው፤ ያለ ስኮላርሺፕ፣ ራሱ አመልክቶ ተሞክሮ የገባ፣ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን። አሠልጣኙ ሰኞ ሰኞ የሚያሰልፉት የኛን ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተው እንደሆነ ቡድኑ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ኳሷን ለአንደኛው ቤዝ ጠባቂ መሬት ለመሬት በኃይል መታት። ጠባቂው ለቀመ፤ ቤዙን ረገጠ፤ መቺው አውት። እዚህ ላይ ቅድም ጥግ ያስያዝናትን ልዩነት አንባቢ ያምጣልን፦ መቺው ከወጣ ዘንድ ከአንደኛው የተነሣው ሯጭ አሁን የሚያስገድደው የለም፤ ስለዚህ መነካት አለበት። ጠባቂው ኳሷን ከጓንቱ ሲያወጣት ከጣቶቹ ሸተት አለች፤ ደረቱ ላይ ነጥራ መልሶ ያዛት፤ ወረወረ፤ ሾርትስቶፑም ሯጩን ነካው። ሦስተኛ አውት። 3-6። ነገር ግን ኳሷ ደረቱ ላይ በነበረችባት ቅጽበት የሦስተኛው ቤዝ ሯጭ ሆምን ረግጦ ነበር። ዳኛው ነጥቡ ይቆጠራል አሉ። ልክ ናቸው፤ የመጨረሻው አውት በመንካት የመጣ ስለሆነ ማን ቀደመ ነው ነገሩ።

እንግዲህ ነጥብ ገብቷል። ማን አስገባው? መቺው፣ ይላል ጤነኛ ሰው። ሕጉ ግን መቺው መሬት ለመሬት መትቶ እንዲህ ያለ ድርብ አውት ከተሠራበት፣ ነጥቡ ቢቆጠርም ላስገቢነት አይመዘገብለትም ይላል። ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ቡድኑ አንድ ነጥብ አለው፤ ያስገባው ሰው የለም። ከሰማይ የወረደ ይመስል።

ጨዋታው እንዳለቀ ልጁ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ኮፍያውን አውልቆ «የምትጽፉት እናንተ ናችሁ አይደል?» አለ። ነን አልነው። «ታዲያ ማነው ያስገባው?»

እኛም ፊቱ ቆመን በአማርኛ መከራከር ጀመርን። እሱ አንዲት ቃል አይሰማም፤ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየ ይጠብቃል። ከኛ አንዱ፣ «በሁለቱ አውት መካከል ብልሽት ገብቷል፤ ኳሷ ከእጁ ሸሽታለች፤ ነጥቡም የገባው በዚያው ነው። ስለዚህ ድርብ አውት አይደለም፤ ስለዚህ ነጥቡ የልጁ ነው። ሕጉ ራሱ በር ከፍቶልናል» አለ። ሁለተኛው፣ «ኳሷ እጁ ላይ ተንከባለለች እንጂ አልወደቀች። ሁለቱም ሰው ወጥቷል። በዚህ አያያዝ ጣቱ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ብልሽት ሊባል ነው። በሩን ያየኸው ልጁን ስላየኸው ነው» አለው። «ልጁን ማየት ኃጢአት ነው?» «ኃጢአት አይደለም። የሌላው ቡድን ልጅ ቢሆንስ ታየው ነበር ወይ?» ሦስተኛው ዝም ብሎ እርሳሱን ይቀርጻል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ክርክር እግር አለው። «ብልሽት» የምትለዋ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ በሜትር አልተለካችም፤ ለመዝጋቢው ኅሊና የተተወች ናት፤ ኅሊና ደሞ መጋዘን የሚሠራ ልጅ ፊቱ ኮፍያ ይዞ ሲቆም አይጠነክርም።

በመጨረሻ ሁለት ለአንድ ሆንና 3-6፣ ድርብ አውት ብለን ጻፍን። የልጁ ሳጥን ባዶ ቀረ። በእጅ በምንይዘው ወረቀት ጠርዝ ላይ ግን፣ «ምቱ ጠንካራ፤ ኳስ ከጠባቂው እጅ ሸሽታ ተያዘች፤ ሯጩ በዚያ መካከል ገባ» ብለን በእርሳስ አሰፈርን። ኮምፒውተሩ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም። ስለዚህ ሰኞ ጧት ወረቀቱን ራሱን ወስደን ለአሠልጣኙ ሰጠናቸው። ጠርዙን አነበቡት። አመሰገኑን። ልጁ በሚቀጥሉት ሁለት ጨዋታዎች አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ በሦስተኛው ገባ። ድምፁ የተሸነፈው ጓደኛችን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም፤ ይህንንም ጽሑፍ ከኛ ጋር ሲያዘጋጅ «እኔ እዚህች ላይ አልፈርምም» ብሎናል። አልፈረመም።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የሌሎቹን ደብተር ማገላበጥ የጀመርነው። ሌላው ሰው በጭንቅ ጊዜ ምን እንዳደረገ ለማየት።

መጀመሪያ ያስገረመን ምንም ላልሠራ ሰው አውት የሚመዘገብለት መሆኑ ነው። በ2016 ዋናው ሊግ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሆን ብለው ተከላካዩን የሚጠልፉ ሯጮችን የሚቀጣ አዲስ ሕግ አወጣ። ሚያዝያ 5 ቀን ቶሮንቶ ከታምፓ ቤይ ሲጫወት፣ በመጨረሻው ተራ ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው፣ ኤድዊን ኤንካርናሲዮን ወደ ሦስተኛው ቤዝ መሬት ለመሬት መታ። ሆሴ ባውቲስታ ሁለተኛው ላይ ሲንሸራተት እጁን ሰዶ የተከላካዩን እግር ነካ፤ ውርወራው ተሳተ፤ ሁለት ሰው ገብቶ ቶሮንቶ መራ። ቪዲዮው ታየና ሁለቱም፣ ባውቲስታም መቺውም፣ አውት ተባሉ። ጨዋታው 3 ለ 2 እዚያው አለቀ። በእንዲህ ያለው ጣልቃ ገብነት የመቺው አውት የሚጻፈው ለአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ነው፤ ኳሷ እጁ ባትገባም። ቁጥሩ ብቻ ሲታይ ኳሷ በሥርዓት የደረሰች ትመስላለች።

በግንቦት 23 ቀን 2024 ደግሞ ቺካጎ ላይ ኋይት ሶክስ 8 ለ 6 ሲመሩ ሳይሆን ሲመሩባቸው፣ በዘጠነኛው ተራ አንድሩ ቤኒንቴንዲ ኳሷን ወደ ላይ አጎናት። የባልቲሞሩ ሾርትስቶፕ ጋነር ሄንደርሰን ሊቀልብ ሲመጣ፣ ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚመለሰው አንድሩ ቮን መንገዱ ላይ ተገኘ። ዳኛው መቺውንም ሯጩንም አወጡ። ሄንደርሰን ኳሷን ያለ ችግር ቀልቧታል፤ ሆኖም ጨዋታው አለቀ። በጣልቃ ገብነት የወጣው ሯጭ የሚመዘገበው ጣልቃ ለተገባበት ሰው ስለሆነ ሁለቱም አውት ወደ 6 ይሄዳሉ። ሌላም አንቀጽ አለ፦ የተመታች ኳስ ሯጭን ብትመታ አውቱ የሚጻፈው ለኳሷ ቅርብ ለነበረው ተከላካይ ነው። ቅርብ በመቆሙ ብቻ! የቡድን የቤት ሥራ ሠርተን በምናውቀው ዘንድ ይህ አንቀጽ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይሁንና ቁጥሩን ብቻ አንውቀስ፤ አንዳንዴ እውነቱን የሚያድነው እሱ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1926፣ ብሩክሊን፣ ኤቤትስ ፊልድ። ቤዞቹ ሞልተዋል፤ አንድ አውት አለ። ቤብ ኸርማን ወደ ቀኝ አርቆ መታ። ከሦስተኛው የተነሣው ሃንክ ዲቤሪ ገባ። ከሁለተኛው የተነሣው ዳዚ ቫንስ ሦስተኛውን አልፎ ሄደና ፈርቶ ተመለሰ። ቺክ ፊውስተር ከአንደኛው ተነሥቶ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ኸርማን አንገቱን ደፍቶ ሲሮጥ እሱም ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ሦስት ሰው በአንድ ቤዝ! ቤዙ በሕግ የቀዳሚው የቫንስ ስለሆነ ሁለቱ ወጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የብሩክሊን ሰው «ሦስት ሯጮች አሉን» ሲሉት «የትኛው ቤዝ ላይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል።

አፍ ደሞ አፍ ነው። ታሪኩ እየዞረ እየፋፋ ሄዶ፣ ኸርማን በአንድ ምት ሦስት ቤዝ ሮጦ ሦስት ሰው አስወጣ ተባለ። ደብተሩ ግን እምቢ ይላል። አንድ አውት አስቀድሞ ነበር፤ ሦስት ሊወጣ አይችልም። ለኸርማን የተጻፈለት የሁለት ቤዝ ምት ነው፤ ዲቤሪም ነጥብ አስገብቷል፤ ብሩክሊንም በዚያ ቀን 4 ለ 1 አሸንፏል። ቀልዱ የተረፈው በሰው አፍ ነው፤ ድሉ የተረፈው በደብተር ነው። የሥነ ጽሑፉ ተማሪያችን ቀልዱን ይመርጣል።

አሁን ወደ ርዕሳችን።

ነሐሴ 2 ቀን 1985፣ ያንኪ ስታዲየም። ያንኪስ ከቺካጎ ኋይት ሶክስ። ቦቢ ሚቻም ሁለተኛው ላይ፣ ዴል ቤራ አንደኛው ላይ ናቸው። ሪኪ ሄንደርሰን ኳሷን በግራና በመካከለኛው ሜዳ መካከል አርቆ ላካት። ሚቻም ትቀለብ ይሆናል ብሎ አመነታ፤ ሲነሣም አዳለጠው። ቤራ ከኋላው ደርሶ ነበር። ሁለቱ እንደ ባቡር ፉርጎ ተከታትለው ሦስተኛውን ዞሩ። ከመካከለኛው ሜዳ ሉዊስ ሳላሳር ለሾርትስቶፑ ለኦዚ ጊዬን፣ ጊዬን ለቀላቢው ለካርልተን ፊስክ ሰጡ። ፊስክ ሚቻምን ነካ፤ ዞር አለ፤ ቤራንም ነካ። ሁለት ሰው፣ አንድ ቦታ፣ በአንድ እስትንፋስ። የቤራ አባት፣ ዝነኛው ዮጊ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከያንኪስ አሠልጣኝነት ተባረው ነበርና፣ ልጁ እዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ ሲሆን አለማየታቸው ሳይሻል አልቀረም። ያንኪስም ተሸነፉ። ደብተሩ ላይ፦ 8-6-2።

ጥቅምት 13 ቀን 2025፣ ሚልዋኪ። ብሩወርስ ከዶጀርስ፣ የናሽናል ሊግ የዋንጫ ግጥሚያ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ አራተኛው ተራ። ቤዞቹ ሞልተዋል፤ አንድ አውት አለ። ማክስ መንሲ ኳሷን ወደ መካከለኛው ሜዳ ግድግዳ ሰደዳት፤ 404 ጫማ፣ ማለትም 123 ሜትር ያህል። ሳል ፍሬሊክ ዘሎ ጓንቱን ዘረጋ። ኳሷ ጓንቱን ነካች፣ ወጣች፣ ግድግዳውን መታች፣ ተመልሳ ጓንቱ ገባች። የተቀለበች ትመስላለች፤ አልተቀለበችም፤ ግድግዳ የነካች ኳስ መሬት እንደነካች ናት። ዳኛው ምልክት ሰጥተዋል፤ ሯጮቹ ግን ተቀልባለች ብለው ወደየቤዛቸው ተመለሱ። ፍሬሊክ ለሾርትስቶፑ ለጆይ ኦርቲዝ፣ ኦርቲዝ ለቀላቢው ለዊልያም ኮንትሬራስ። ከሦስተኛው የተነሣው ቴኦስካር ኸርናንዴዝ ተመልሶ ነበርና ዘገየ፤ ኮንትሬራስ ሆምን እንደረገጠ ኸርናንዴዝ ወጣ። ዊል ስሚዝ አሁንም ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ኮንትሬራስ ኳሷን እንደያዘ በእግሩ ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሄዶ ረገጠው። ስሚዝም ሳይነካ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ወጣ። ተራው አለቀ። ዶጀርስ ጨዋታውን 2 ለ 1 አሸነፉ እንጂ ኖሮ ማታውኑ ሲለቀስበት ይታደር ነበር። ደብተሩ ላይ፦ 8-6-2።

አርባ ዓመት በመካከላቸው አለ። ያው ሦስት አኃዝ ነው፤ ያው ተራ ነው። አንደኛው ላይ ሁለቱም ሰዎች ተነክተው ወጡ፤ ሌላው ላይ ማንም አልተነካም። አንደኛው ላይ ሁለቱም የወጡት ሆም ላይ ነው፤ ሌላው ላይ አንዱ ሆም፣ አንዱ ሦስተኛው። መቺዎቹማ! ሄንደርሰን የሚያስገድደው አውት ስላልነበረ ምት ተመዘገበለት፤ ሁለት ጓደኞቹ ሲወጡ የሱ አማካይ ከፍ አለ። መንሲ 404 ጫማ የሄደች ኳስ መትቶ፣ በሕጉ ቋንቋ መሬት ለመሬት መትቶ ድርብ አውት ያሠራ ሰው ሆነ፤ ከነጂም ራይስ ሠላሳ ስድስት፣ ከነቶሬ አራት ጋር በአንድ ዓምድ ተቆጠረ። ቴሌቪዥን ሲጠፋ፣ ቪዲዮው ሲረሳ፣ በዚያ ዓምድ ላይ ያቺን ኳስ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያወጣት የለም።

በዚህ ክረምት፣ ሜዳው በበረዶ ተሸፍኖ ሥራ በሌለን ጊዜ፣ አዲስ ወረቀት አሰናዳን። ካሬዎቹን አጠበብን፤ የቀኙን ጠርዝ አራት ጣት አሰፋን። ለመለማመድም ሁለቱን 8-6-2 አንዱን ከአንዱ በታች ገለበጥናቸው። ከ1985ቱ ጎን «ሁለቱም ሆም ላይ፤ ሁለቱም ተነክተው» ብለን ጻፍን። ከ2025ቱ ጎን «ግድግዳ ነክታ ተያዘች፤ አንዱ ሆም፣ አንዱ ሦስተኛ፤ ቀላቢው በእግሩ ሄዶ» ብለን ጻፍን። ያ አልፈርምም ያለው ጓደኛችን እርሳሱን ተቀበለንና ከሥሩ ሦስተኛ መስመር ጨመረ፦ 3-6፣ ሚያዝያ፣ ከዚያም የልጁን ስም።